ድንጋይ ተሸክሞ የመጣው ሰውዬ እና ሌሎች መልሶች

ባለፈው ወር «ስለ ልቦለድ አጻጻፍ የምትጠይቁኝ ካለ ላኩልኝ» ብዬ ነበር። አምስት ስድስት ጥያቄ ጠብቄ ነበር፤ ስልኬ ሞላ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ገንዘብ አበድረኝ ላላችሁኝ ሁለት ሰዎች ግን ለብቻ መልሻለሁ።

«በቀን ስንት ገጽ ትጽፋለህ? በስንት ሰዓት?» (ከቢቸና)

አንድ ገጽ ተኩል። በስክሪፕቶ፣ በመስመር ደብተር ላይ። ሲቀናኝ ሁለት ይሞላል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት እነሳና እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እጽፋለሁ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት እሮጣለሁ። ማታ ማታ የተማሪ ፈተና አርማለሁ፤ መብራትም ይሄዳል፤ እንቅልፍም አለ። የደብረ ማርቆስን የሐምሌ ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጋቢ ደርቤ ስቀመጥ ከውጭ የሚታየው ቀኝ እጄ ብቻ ነው። ስልኬ ሌላ ክፍል፣ ጤፍ ጆንያ ላይ ያድራል። አጠገቤ ከሆነ ገጽ ተኩሉ ግማሽ ይሆናል፤ ሞክሬዋለሁ።

«ታሪኮችህን ከየት ታመጣቸዋለህ? እውነት ናቸው?» (ከዳንግላ)

ከለቅሶ ቤት፣ ከአውቶቡስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሽምግልና። አንድ ጊዜ የድንበር ጠብ ሲታይ ዳር ቁጭ ብዬ እሰማ ነበር። ከሳሹ ጎረቤቱ የድንበር ድንጋዩን እየገፋ መሬቱን እንደበላበት ይናገራል። ሽማግሌዎቹ «ማስረጃህ ምንድን ነው?» አሉት። ሰውዬው ተነሣ፣ ከአጥሩ ጀርባ ሄደ፣ አንድ ትልቅ ድንጋይ በጆንያ አዝሎ ተመለሰና መሀል ላይ ዱብ አደረገው። «ይኸው ድንጋዩ!» አለ። ሁሉም ዝም አለ። ትንሽ ቆይተው አንዱ ሽማግሌ ራሳቸውን እያሻሹ «እሺ ልጄ፣ ድንጋዩስ መጣ። አሁን ድንበሩ የት ነው?» አሉት።

ሰውዬው የሆነውን ፊት እስካሁን አልረሳውም። ጉዳዩ በምን እንዳለቀ አልሰማሁም፤ እኔ ያንን ፊት ይዤ ወደ ቤቴ ነው የሄድኩት። መጽሐፌ ውስጥ ያለው ሰውዬ ስሙም ቀዬውም ሌላ ነው፤ የተሸከመውም ድንጋይ አይደለም። ስለዚህ እውነት ነው ወይ ለሚለው መልሴ፦ ፊቱ እውነት ነው።

«ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ተገትሬያለሁ። አልሄድ አለኝ። ምን ላድርግ?» (ከፍኖተ ሰላም)

ብዙ ሰው የጠየቀው ይህንን ነው። እኔ መላውን የተማርኩት ልቦለድ ከመጻፌ በፊት ነው።

ልጅ ሆኜ ሁለት ዓመት ቅኔ ቤት ነበርኩ። መወድስ የሚባለው ከፍ ያለው የቅኔ ዓይነት ላይ ሳልደርስ ነው የወጣሁት፤ እንደ ሊቅ እንዳታዩኝ። እዚያ መምህሩ ቅኔ ይዘርፋሉ፣ ምሥጢሩንና አገባቡን ይፈቱልናል። ከዚያ እንበተናለን። አንዱ ዛፍ ሥር፣ አንዱ ወንዝ ዳር፣ አንዱ ደበሎውን ተከናንቦ መቃብር ቤት ጀርባ። ይህ ቆጠራ ይባላል። ወረቀት የለም፤ የምትሠራው በጭንቅላትህ ነው። ጉባኤ ቃና የቅኔ ሁሉ ትንሿ ናት፤ ሁለት ቤት ብቻ። ለጀማሪ ግን እነዚያ ሁለት መስመሮች ግማሽ ቀን ይበላሉ። ሰሙ ሲገኝ ወርቁ ይጠፋል፤ ወርቁ ሲገኝ ቤቱ አይመታም። ማታ መምህሩ ወይም አስነጋሪው፣ ማለት መምህሩን የሚያግዘው ከፍ ያለ ተማሪ፣ ፊት ቆመህ የቆጠርከውን ትናገራለህ። የተበላሸው ይታረማል። የትናንቱን ዛሬ ይዞ መቅረብ አይቻልም፤ የጓደኛህ መሆኑ ከታወቀማ ጉድህ ፈላ።

አሁንም አልሄድ ሲለኝ ደብተሩን ከድኜ እወጣለሁ። ባዶዬን ግን አልወጣም። አንድ ጥያቄ እይዛለሁ፤ አንድ ብቻ። ባለፈው ዓመት ሳምንት ሙሉ ይዤው የዞርኩት ጥያቄ ይህ ነበር፦ ሴትዮዋ ከሩቅ አገር ለመጣ ወንድሟ በሩን ለምን አልከፈተችለትም? ተቆጥታ ይሆን? ታማ? ሁሉም ቀለለብኝ። ቅዳሜ ለገበያ ስወርድ አንድ ልጅ በሬ እየነዳ አለፈኝ። በሬው መሄድ እንቢ ብሎ ወደ ኋላ፣ ወደመጣበት ያያል። ያን ጊዜ ገባኝ። ሸጣዋለች! ወንድሟ አደራ የሰጣትን በሬ ሸጣዋለች። የምገዛውን ሽንኩርት ረስቼ ተመለስኩ። ቤት ውስጥ የደረሰብኝን ለናንተ አልነግርም፤ ምዕራፉ ግን በሁለት ቀን አለቀ።

አንተም «ምዕራፌ አልሄደም» ብለህ ከምትጨነቅ ምኑ እንዳልሄደ ፈልግ። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ያለ ምክንያት አንድ ነገር አድርጓል። ያንን ሰው ይዘህ ውጣ።

«መጨረሻውን ሳትጀምር ታውቀዋለህ?» (ከሞጣ)

አዎ። የመጨረሻውን ገጽ በመጀመሪያው ወር እጽፈዋለሁ። እስካሁን ያልጣልኩት የለም።

«ሰዎችህ በጎጃምኛ ሲያወሩ አንዳንዱ አይገባኝም። ለምን እንደማንኛውም መጽሐፍ አይናገሩም?» (ከአዲስ አበባ)

እህቴ፣ ልክ ነሽ፤ በመጀመሪያው መጽሐፌ አብዝቼዋለሁ። «ከ»ውን ሁሉ «ኸ»፣ «አይደለም»ን ሁሉ «አይዶለም» አደረግሁትና እኔ ራሴ መልሼ ሳነበው ደከመኝ። አሁን ፊደሉን ብዙ አልነካም። አንድ ሰው በሚምልበት ታቦት፣ በሚረግምበት አፉ፣ እሺ ለማለት በሚዞርበት ዙሪያ ነው አገሩ የሚታወቀው። «ማርቆስን አልዋሸሁም!» ያለ ሰው ከየት እንደመጣ ሌላ ምልክት አይፈልግም። «ኸ» በምዕራፍ አንድ ሁለቴ ብልጭ ካለች ይበቃታል። ጨርሼ ግን አላጠፋትም።

«43 ዓመቴ ነው። አሁን ልቦለድ ልጀምር ብል ሰው አይስቅብኝም?» (ከደብረ ማርቆስ)

የእርስዎ ጥያቄ ደግሞ ከቤታችን ደጅ ነው መልሱ። ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት እንዶዳም ነው፤ ማርቆስ አጠገብ። ዘመኑ 1902። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው 1958 ነው። ይቀንሱት። በመሀሉ ከጣሊያን ጋር ተዋግተዋል፣ ተማርከው ጣሊያን አገር ታስረዋል፣ ዲፕሎማት ሆነው ውጭ አገር ሠርተዋል። እርስዎ ገና 13 ዓመት አለዎት። የሚስቅ ካለ ደግሞ እንዴት እንደሳቀ ይጻፉት፤ ለአንድ ምዕራፍ ይሆናል።

«በወረቀት ነው በኮምፒውተር?» (ከባሕር ዳር)

መጀመሪያ በእጅ፣ ከዚያ በኮምፒውተር። በፊት ለአንድ ጽሕፈት ቤት ከፍዬ አስተይብ ነበር። አንድ ቀን 112 ገጽ በፍላሽ ተቀብዬ ቤት ስደርስ ፍላሹ ባዶ። ስመለስ «ቫይረስ በልቶታል ጋሼ» አሉኝ፤ እንደ ነቀዝ። ደብተሩ ስለነበረ ተረፍኩ። ከዚያ ወዲህ ራሴ በሁለት ጣት እተይባለሁ። ቀርፋፋ ነው፤ ግን እየተየብኩ የማይረባውን ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ጣቴ ይሰንፋል። እዚያው ይቀራል።

«ጽፈህ ስትጨርስ መጀመሪያ የሚያነብልህ ማነው?» (ከደምበጫ)

የሚያነብልኝ ሳይሆን የሚሰማኝ። እናቴ ናት። ፊደል አልቆጠረችም። የሐዲስን መጽሐፍ ግን በሬዲዮ ከወጋየሁ ንጋቱ አፍ ሰምታዋለች፤ ጉዱ ካሣን እንደ ጎረቤት ነው የምታነሣው። «እሱ ምስኪን» ትላለች።

እሑድ ከሰዓት እሷ ጥጥ ትፈትላለች፣ እኔ አነባለሁ። አስተያየት አትሰጥም። «ጥሩ ነው?» ስላት «እግዜር ይባርክህ» ነው መልሷ፤ ይህ ምንም አይጠቅመኝም። የሚጠቅመኝ እንዝርቱ ነው። ስትሰለች እንዝርቱ ይፈጥናል፣ ክሩም ይቀጥናል። ነገሩ ሲይዛት እጇ ላይ ይቆማል። እኔም በእርሳስ ጠርዙ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ሁለት ሰዎች የሚነጋገሩበት ቦታ ላይ ደግሞ ድንገት «ማነው ያለው?» ብላ ታቋርጠኛለች። ያን ጊዜ እቆጣ ነበር። «እማ፣ ሰውዬው ነዋ!» እላለሁ። «ሁለቱም እኮ ሰውዬ ናቸው» ትለኛለች።

እውነቷን ነው። ሁለቱም በእኔ አፍ ነበር የሚያወሩት፤ ማዶ ያለው ነጋዴም እንደ አማርኛ አስተማሪ። አሁን አንድ ንግግር ስጽፍ «ማነው ያለው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ከስሙ በቀር የሚለየው ከሌለ እሰርዘዋለሁ። በመጨረሻው መጽሐፌ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው ያቋረጠችኝ። አንዱን አላረምኩትም፤ ሰዎቹ መንትዮች ናቸው።

«መጽሐፍ እንጀራ ይሆናል?» (ከእንጅባራ)

ለእኔ አልሆነም። ለወጥ ይደርሳል፣ ለእንጀራ አይደርስም። አቤ ጉበኛን የመሰለ የጎጃም ልጅ በብዕሩ ለማደር ሞክሯል፤ ብዙ ዋጋም ከፍሎበታል። የኔ ልብ እዚያ አይደርስም። ደመወዜን ይዤ ነው የምጽፈው።

«አዲሱ መጽሐፍ መቼ ይወጣል?» (ከብዙዎቻችሁ)

እናቴ ገና ምዕራፍ 9 ላይ ናት። ባለፈው እሑድ እንዝርቱ ሲፈጥን ዋለ።