ለማእድ ቤታችን ምን እንግዛ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ስለ ማእድ ቤት ዕቃዎች ምርጫ የተጻፉ አራት ጥያቄዎችን መርጠን፣ ረዘም ያሉትን አሳጥረን፣ ከነመልሳቸው አቅርበናል።

ጥያቄ፦ በቅርቡ ተጋብተን የራሳችንን ቤት የያዝን ባልና ሚስት ነን። ማእድ ቤታችን ገና ባዶ ነው። ድስቱም፣ መጥበሻውም፣ ቢላዋውም፣ ጭልፋውም ተሟልቶ 24 ዕቃ በአንድ ካርቶን ሲሸጥ አይቼ ለመግዛት አስቤ ነበር፤ ባለቤቴ ግን አንድ በአንድ እየመረጥን ብንገዛ ይሻላል ትላለች። የትኛው ያዋጣናል?

መልስ፦ በዚህ ጉዳይ የባለቤትዎ ሐሳብ ይበልጣል። በካርቶን ታሽጎ የሚሸጠው ስብስብ ርካሽ መስሎ የሚታየው ጠቅላላ ዋጋው ለዕቃዎቹ ቁጥር ሲካፈል ነው፤ ይሁን እንጂ ከ24ቱ ውስጥ ዘወትር ከእጅ የማይለዩት አምስት ወይም ስድስቱ ብቻ ሲሆኑ የቀሩት መደርደሪያ አጣብበው ይቀመጣሉ። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ቁጥሩን ለማብዛት ሲባል ጥራቱ የሚቀነሰው በቀላሉ በማይታይ ቦታ መሆኑ ነው። የድስቱ መቀመጫ ይሳሳል፣ የቢላዋው ብረት ቶሎ የሚዶለዱም ዓይነት ይሆናል፣ የመጥበሻው እጀታ ሸክሙን በማይችል ብየዳ ይያያዛል፤ ይህ ሁሉ የሚታወቀው ካርቶኑ ተከፍቶ ዕቃው ጥቂት ወራት ካገለገለ በኋላ ነው።

ስለዚህ ወደ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት በአንድ ሳምንት ውስጥ ምን ምን እንደምታበስሉ፣ ለስንት ሰው እንደምታበስሉ፣ ምድጃችሁም የጋዝ፣ የኤሌክትሪክ ወይስ የኢንዳክሽን (በማግኔት ኃይል ዕቃውን ራሱን የሚያግል) እንደሆነ በወረቀት ላይ አስፍሩ። ለሁለት ሰው ቤት መነሻ የሚሆነው ዕቃ ጥቂት ነው፤ 2 ሊትር ገደማ የሚይዝ ትንሽ ድስት፣ እንግዳ ሲመጣም የሚበቃ ከ5 እስከ 6 ሊትር የሚይዝ ትልቅ ድስት፣ ስፋቱ 26 ሳንቲ ሜትር የሆነ መጥበሻ፣ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ቢላዋ፣ መክተፊያ፣ ማጥለያ፣ ጭልፋና የእንጨት ማማሰያ ካላችሁ አብዛኛውን ሥራ ትሠራላችሁ። የቀረው ሁሉ ሥራው ራሱ ሲጠይቀው ይገዛል።

ገንዘባችሁን ሳትሰስቱ ልታወጡበት የሚገባው ድስቱና መጥበሻው ላይ ስለሆነ፣ የብረቶቹን ጠባይ በጥቂቱ ላስረዳ። ምግብ ከአንድ ወገን አርሮ ከሌላው ወገን ጥሬ የሚሆነው ሙቀቱ በዕቃው መቀመጫ ላይ እኩል ሳይሰራጭ ሲቀር ነው። ሙቀትን በማስተላለፍ መዳብ ቀዳሚ ነው፤ አሉሚኒየም ይከተለዋል፤ ስቴንለስ ስቲል ግን ከአሉሚኒየም ጋር ሲነጻጸር ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ በ15 እጥፍ ያህል ያነሰ ነው። ይህን በዓይኑ ለማየት የሚፈልግ ሰው በደረቅ መጥበሻ ላይ ዱቄት በስሱና በእኩልነት ነስንሶ በመካከለኛ እሳት ይጣደው። መቀመጫው ስስ ከሆነ ዱቄቱ የእሳቱን ክብ ቅርጽ ተከትሎ ሲጠቁር ከክቡ ውጭ ያለው ነጭ እንደሆነ ይቆያል፤ መቀመጫው ወፍራምና ሙቀት አስተላላፊ ከሆነ ግን ዱቄቱ ከመሐል እስከ ዳር ተቀራራቢ በሆነ ሁኔታ ወደ ቡናማነት ይለወጣል። መጥበሻ ገዝታችሁ ቤት እንደገባችሁ ይህን ብትሞክሩ የዕቃችሁን ጠባይ ታውቃላችሁ፤ እሳቱንም በዚያው ልክ ትመጥናላችሁ።

ታዲያ ስቴንለስ ስቲል ለምን ተወደደ ቢባል፣ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ስላለበት ላዩ ላይ ዝገትን የሚከላከል ስስ ሽፋን ስለሚፈጥርና ቲማቲምም ሆነ ሎሚ በቀላሉ ስለማይጎዳው ነው። ያልተሸፈነ አሉሚኒየም በአንጻሩ ኮምጣጣ ነገር ሲበስልበት ይጠቁራል፣ የምግቡንም ጣዕም ይለውጣል። አምራቾች የሁለቱን ጥቅም ለማጣመር አሉሚኒየሙን በሁለት የስቴንለስ ንጣፎች መካከል አድርገው ይሠራሉ፤ እኔም ለየዕለቱ ሥራ የምመርጠው ይህንኑ ነው። አሉሚኒየሙ በመቀመጫው ላይ ብቻ ያለበት ድስት ውኃ ለሚበዛበት ምግብ ይበቃል። ለመጥበሻ ግን ንጣፉ እስከ ጠርዙ ድረስ የወጣ ቢሆን ይሻላል። በዕቃው ግርጌ ላይ 18/10 የሚል ጽሑፍ ብታዩ 18 በመቶ ክሮሚየምና 10 በመቶ ኒኬል አለበት ማለት ነው፤ ይህ ቁጥር ስለ ብረቱ ዓይነት እንጂ ስለ ውፍረቱ ምንም አይናገርም፤ ሻጩ ግን ብዙ ጊዜ ስለ ውፍረቱ እንደተናገረ አድርጎ ያቀርበዋል።

ከወፍራም ቀልጦ ከተሠራ ብረት የሚዘጋጀው መጥበሻ ቀስ ብሎ ይግላል፤ አንዴ ከጋለ ግን ሥጋ ሲጨመርበት እንኳ ቶሎ አይበርድም። በየጊዜው ስስ ዘይት ተቀብቶ ሲግል ዘይቱ ጠንካራ ሽፋን ሆኖ ይጣበቅበታል፤ ያ ሽፋን ምግብ እንዳይይዝና ብረቱ እንዳይዝግ ያደርጋል። ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ማደር የለበትም፤ ኮምጣጣ ምግብም ለረጅም ሰዓት አይበስልበትም። ክብደቱ ከፍተኛ ስለሆነ የእጅ አንጓው የሚያመው ሰው ባይገዛው ይሻላል።

ሱቅ ውስጥ ሆናችሁ ልትፈትሹት የምትችሉት ነገርም አለ። ድስቱን መስታወት ጠረጴዛ ወይም ሌላ ለጥ ያለ ነገር ላይ አስቀምጡና ጠርዙን በጣት ተጫኑት፤ ከተንገጫገጨ መቀመጫው ስላልተስተካከለ ተዉት። ከዚያም እጀታውን ይዛችሁ አንሱትና ሲሞላ ምን እንደሚከብድ አስቡ፤ 6 ሊትር ውኃ ብቻውን 6 ኪሎ ይመዝናል፤ ስለዚህ ትልቅ ድስት ሁለት እጅ ሙሉ በሙሉ የሚገባበት እጀታ በሁለቱም ወገን ያስፈልገዋል። ምድጃችሁ ኢንዳክሽን ከሆነ ትንሽ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፤ ማግኔቱ ከግርጌው ጋር አጥብቆ ካልተያያዘ ዕቃው በዚያ ምድጃ ላይ አይግልም።

ጥያቄ፦ መሳቢያዬ ውስጥ የተለያዩ ቢላዋዎች ሞልተዋል፤ አንዳቸውም ግን በደንብ አይቆርጡም። ሽንኩርት ስከትፍ ይደፈጠጣል፤ ቲማቲም ሲሆንማ ልጣጩ ላይ ያንሸራትታል። ጥሩ ቢላዋ ለመግዛት ምን ልመልከት?

መልስ፦ ቢላዋ ከመግዛትዎ በፊት መሳያ ድንጋይ ይግዙ። የትኛውም ቢላዋ፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ሳይሳል ከቆየ አሁን ካሉዎት አይለይም። ዱልዱም ቢላዋ ከስለታሙ ይበልጥ አደገኛ እንደሆነም ልብ ይበሉ፤ ለመቁረጥ ጉልበት ስለሚጠይቅ ድንገት ሲያንሸራትት በዚያው ጉልበት ጣት ላይ ያርፋል።

ለቤት ሥራ ሻካራነቱ 1000 ቁጥር የሆነ ድንጋይ በቂ ነው። በአምራቹ መመሪያ መሠረት በውኃ ያርጥቡትና እንዳይንሸራተት ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ያንጥፉ። ቢላዋውን ከድንጋዩ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ብቻ ከፍ አድርገው፣ ማዕዘኑን ሳይለውጡ፣ ከእጀታው እስከ ጫፉ ደጋግመው ይሳቡት። አንዱ ወገን መሳሉን የሚያውቁት በተቃራኒው ወገን ከስለቱ ዳር ላይ ጣት የሚይዝ ቀጭን የብረት ጭረት ሲፈጠር ነው፤ ይህን ለማወቅ አውራ ጣትዎን ከቢላዋው ጀርባ ወደ ስለቱ አቅጣጫ ቀስ አድርገው ያንሸራቱ እንጂ በስለቱ ርዝመት ፈጽሞ አይሂዱበት። ጭረቱ ከዳር እስከ ዳር ሲሰማዎት ገልብጠው ሌላውን ወገን ይሳሉ፤ በመጨረሻም በጣም ቀለል አድርገው ሁለቱንም ወገን በማፈራረቅ ጭረቱን ያጥፉት። ክብ ዘንግ የሚመስለው መሳያ ብረት የታጠፈውን ስለት ያቃናል እንጂ የዶለዶመውን አይስልም፤ ስለዚህ በድንጋዩ ፋንታ ሊገዛ አይገባም።

ይህን ካደረጉ በኋላ አዲስ ቢላዋ ያስፈልገኛል ካሉ፣ ስለቱ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ አንድ ትልቅ ቢላዋና 9 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ አንድ ትንሽ መላጫ ቢላዋ ይበቃሉ፤ ዳቦ የሚያዘወትሩ ከሆነ ጥርስ ያለው ሦስተኛ ይጨምሩ። በጣም ጠንካራ ብረት ስለቱን ለረጅም ጊዜ ቢይዝም አጥንት ሲነካ ይሸረፋል፤ ለስላሳው ቶሎ ይዶለዱማል፣ ነገር ግን በቀላሉ ይሳላል። ሁሉም የቤቱ ሰው የሚጠቀምበት ከሆነ ለስላሳውን እመክራለሁ። መክተፊያዎ የመስታወት ወይም የድንጋይ ከሆነ ዛሬውኑ ያሳርፉት፤ ስለት የሚያጠፋው እርሱ ነው። የእንጨት ወይም የፕላስቲክ መክተፊያ ይጠቀሙ፤ ለጥሬ ሥጋ የሚሆነውንም ለብቻው ይለዩ።

ጥያቄ፦ የማያጣብቀው መጥበሻዬ ሽፋኑ ተጫጭሯል። ጤናዬን ይጎዳ ይሆን?

መልስ፦ በማማሰያ ተልጦ ወደ ምግቡ የገባ ትንሽ ቅርፊት ከሰውነት ጋር ሳይዋሐድ ስለሚወጣ ያን ያህል አያስፈራም። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ከሙቀቱ ነው። ይህ ሽፋን ከ260 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሲግል መበላሸት ይጀምራል፤ ባዶ መጥበሻ ኃይለኛ እሳት ላይ ተረስቶ ከዚህም በላይ ሲሄድ የሚወጣው ጭስ ሰውን ያሳምማል፣ በቤት ውስጥ የሚረቡ ወፎችንም ይገድላል። ሽፋኑ በስፋት ከተላጠ ግን ሥራውን አቁሟልና ይቀይሩት። ይህ ዕቃ በባሕርይው ዕድሜው አጭር ስለሆነ ውዱን መግዛት አያስፈልግም፤ መካከለኛ ዋጋ ያለውን ገዝተው ለእንቁላልና ለመሳሰለው ብቻ ይለዩት፣ በእንጨት ማማሰያም ይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ አክስቴ ለብዙ ዓመት የተጠቀሙበትን ፕሬዠር ኩከር ሰጡኝ። እንዳይፈነዳ ስለምፈራ እስካሁን አልነካሁትም። ልጠቀምበት ወይስ ይቅር?

መልስ፦ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሳይፈተሽ የሚጣል ዕቃ አይደለም። ታፍኖ የሚቀረው እንፋሎት በውስጡ ያለውን ግፊት ስለሚጨምር ውኃው በ100 ዲግሪ ፋንታ እስከ 120 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ ጥራጥሬና ጠንካራ ሥጋ ቶሎ የሚበስለው በዚህ ምክንያት ነው። ውኃ ዝቅ ባለ ሙቀት በሚፈላበት ከፍተኛ ቦታ ለሚኖር ሰው ደግሞ ጥቅሙ እጥፍ ነው። ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፔን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1679 የዚህን ዕቃ አያት ሲሠራ ያሳሰበው ነገር የእርስዎው ነበር፤ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ራሱን የሚከፍት ቫልቭም የተሠራለት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ምርመራውን ከቫልቩ ይጀምሩ። ክዳኑን ወደ ብርሃን አንሥተው በእንፋሎት ማውጫው ቀዳዳ ውስጥ ይመልከቱ፤ ብርሃን ካልታየዎት ተደፍኗልና በቀጭን ሽቦ ጠርገው ያጽዱት። የመጠባበቂያ ቫልቩ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ በአዲስ ይተካ። ጎማውን አውጥተው በጣትዎ አጠፍ ያድርጉት፤ ከተሰነጠቀ፣ ከደረቀ ወይም ቅርጹ ከተበላሸ ለዚያው ሞዴል የተሠራ ሌላ ይግዙ፤ ተመሳሳይ የሚመስል የሌላ ዕቃ ጎማ አያድርጉለት። መለዋወጫው ከገበያ ከጠፋ በግፊት ማብሰሉን ይተዉት።

ሁሉም ከተሟላ መጀመሪያ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ብቻ ጨምረው ይሞክሩት። እንፋሎቱ በማውጫው ብቻ ከወጣ ደኅና ነው። ከዚያ በኋላም ከሁለት ሦስተኛው በላይ አይሙሉት፤ አረፋ ለሚያወጣ ጥራጥሬ ደግሞ ከግማሽ አይለፍ፤ ግፊቱ ሙሉ በሙሉ ሳይወርድም ክዳኑን ለመክፈት አይታገሉ። አዲስ ጎማ ገብቶለት እንኳ እንፋሎት በክዳኑ ዙሪያ የሚያመልጥ ከሆነ ጠርዙ ስለተጣመመ በግፊት አይጠቀሙበት፤ መቀመጫው ወፍራም ስለሚሆን የራሱን ክዳን ትተው ልቅ ክዳን እየደፉበት በተራ ድስትነት ለብዙ ዓመት ሊገለገሉበት ይችላሉ።