ስንተኛ ሆናችሁ ተመረጣችሁ?

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ኮሌጅ ጨርሳችሁ ሥራ ለምትፈልጉ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ከ30 ዓመት በላይ በድልድይ መሐንዲስነት ሠርቻለሁ፤ ብዙ ወጣትም ቀጥሬአለሁ። ሰው መምረጥ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የገባኝ ግን የአሜሪካ ፉትቦል ሳይ ነው።

በ2012 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የከተማችን ቡድን ሮበርት ግሪፈን የሚባል ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራው፣ ኳስ የሚወረውረው ተጫዋች) ፈለገ። የኮሌጅ ፉትቦልን ትልቁን ሽልማት፣ ሃይስማንን፣ የወሰደ ልጅ ነው። በድራፍቱ፣ ማለትም ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየዙሩ ተራ በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ ሁለተኛውን ተራ ለማግኘት ቡድኑ ሦስት የአንደኛ ዙርና አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫውን ለሴንት ሉዊስ ቡድን ሰጠ። ልጁም አላሳፈረም። በመጀመሪያ ዓመቱ ከተማውን አነቃነቀው። ፉትቦል አይተው የማያውቁ የእኛ ሰዎች እንኳ ስሙን ያነሱ ነበር።

ዲሴምበር ላይ ጉልበቱን ተጎዳ። አንድ ጨዋታ አርፎ ተመለሰ። ጃንዋሪ 2013 ከሲያትል ጋር ሲጫወቱ ቤቴ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ገና በመጀመሪያው ሩብ ያነክስ ጀመር። አላስወጡትም። በአራተኛው ሩብ፣ ዝቅ ብላ የመጣችበትን ኳስ ለመያዝ ዞር ሲል ጉልበቱ ከዳው። ኳሷ እዚያው ወደቀች፤ እሱም ሜዳው ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ ያንን ግሪፈን አላየነውም። በ2015 ቦታውን የያዘው በዚያው ድራፍት፣ በአራተኛው ዙር፣ 102ኛ ሆኖ የተመረጠው ከርክ ከዝንስ ነው።

ለቡድኖቹ ተጫዋች የሚመለምሉት ሰዎች ሰነፎች አይደሉም። ቁመት ይለካሉ፣ ሩጫ በሰዓት ይይዛሉ፣ የኮሌጅ ጨዋታውን ቪዲዮ ደጋግመው ያያሉ። ግን ግዙፍ ሰዎች እየተንደረደሩ ሲመጡበት፣ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ልጁ ምን እንደሚያይ በምን ይለካል? በ1998 ራያን ሊፍ የሚባለውን ኳርተርባክ፣ በኋላ ታላቅ ከሆነው ከፔይተን ማኒንግ ያስበለጡ ባለሙያዎች ነበሩ። ሊፍ ከጥቂት ዓመት በላይ አልቆየም። በ2000 ደግሞ ስድስት ኳርተርባኮች ከቶም ብሬዲ ቀድመው ተመረጡ። እሱ 199ኛ ነበር፤ በኋላ የሊጉን ዋንጫ፣ ሱፐር ቦውልን፣ ሰባት ጊዜ አሸነፈ። ስለዚህ ማንም የሚሰጣችሁ ቁጥር ግምት ነው። ከፍ ቢልም ዝቅ ቢልም ግምት ነው።

እኔም ገምቼ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ከአመልካቾቹ ሁሉ ምርጥ ውጤት ያለውን ልጅ ቀጠርኩ። ጎበዝ ስለነበር በሁለተኛው ወር አንድ ሙሉ የዲዛይን ሥራ ለብቻው አሸከምኩት። ማታ ማታ ቢሮው መብራት ሲበራ አይ ነበር፤ ትጋት መሰለኝ። ለካ ጨንቆት ነው። ለመጠየቅ አፍሮ ስህተቱን ብቻውን ሲያርም ከርሟል። በስድስተኛው ወር ለቀቀ፤ ሙያውንም ተወው። ጥፋቱ የእኔ ነው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በኋላ ታላቅ ኳርተርባክ የሆነው ፓትሪክ ማሆምስ ግን በ2017 10ኛ ሆኖ ሲመረጥ ቡድኑ ካንሳስ ሲቲ ወዲያው ሜዳ አላስገባውም። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ከነባሩ ኳርተርባክ ከአሌክስ ስሚዝ ኋላ ተቀምጦ ተማረ። ከመጀመሪያው ደቂቃ የተሰለፈው በአንድ ጨዋታ ብቻ ነው።

እናንተም ለቃለ መጠይቅ ስትገቡ ደመወዙን ብቻ አትጠይቁ። «በመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራዬን የሚያይልኝ ማነው?» በሉ። ያ ልጅ ያን ቀን ይህን ቢጠይቀኝ ኖሮ የምነግረው ስም አልነበረኝም።