ካሜራውን ወደ ጠረጴዛው አዙሩት

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች ቤት ሆነው በስልክ ስለሚታከሙ ጽኑ ሕሙማን ናቸው።

ጥያቄ፦ የሞርፊን (የከባድ ሕመም ማስታገሻ) ሽሮፕ ፍሪጅ ይገባል?

መልስ፦ ጠርሙሱ ላይ ካልተጻፈ አያስፈልገውም። ቁልፍ ያለው ቦታ ግን የግድ ነው፤ ልጆች አሉ።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ያሉ እህት ተቆጥተው ጽፈዋል። አዲስ አበባ ያሉት እናታቸው ካንሰር አለባቸው። ሐኪሙ በቪዲዮ ያያቸዋል። ፋርማሲስቷ ደግሞ ለብቻዋ እየደወለች «ጠርሙሱን አሳዩኝ» ትላለች። «ሐኪም ካየ የእሷ ምን ይባላል?»

መልስ፦ እኔም ፋርማሲስት ነኝና ላዳላ ነው። ሐኪሙ የሚያየው እናትዎን ነው። እሷ የምታየው ጠረጴዛውን ነው፤ ጉዱ ያለው ደግሞ እዚያ ነው። በቅርቡ አንድ ቤት ደውዬ ካሜራውን ወደ መድኃኒቱ አስዞርኩ። ሁለት ፓኬት ትራማዶል የተባለ የሕመም ማስታገሻ ቁጭ ብሏል። የንግድ ስሙ ሁለት፣ ውስጡ ያለው መድኃኒት አንድ። ታማሚዋ ሁለቱንም ይወስዱ ነበር።

ሽሮፑም እንደዚያው ነው። እርስዎ ባሉበት አሜሪካ በ5 ሚሊ ውስጥ 10 ሚሊግራም ሞርፊን ያለው ይሸጣል፤ በዚያው 5 ሚሊ 100 ሚሊግራም ያለውም ይሸጣል። ታዲያ «5 ሚሊ ስጧት» ማለት ምን ማለት ነው? አሥር እጥፍ ልዩነት! በሻይ ማንኪያ መለካቱም ይቅር፤ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይሻላል።

ሰዓቱስ? ሽሮፑ በየ4 ሰዓቱ ነው የሚሰጠው፤ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ከሰዓት 8 እያለ ይሄዳል። እርስዎ ከዚያ ደውለው «የ8 ሰዓቱን እንዳትረሱ» ሲሉ የየትኛውን አገር 8 ነው? ሠራተኛዋ ግራ ቢገባት አይፈረድባትም። ፋርማሲስቷ ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፋ ግድግዳ ላይ ታስለጥፋለች። ስትደውል ያንሱላት።

ጥያቄ፦ አባቴ ሞርፊን ከጀመረ ወዲህ ስድስት ቀን ሆድ ድርቀት ይዞታል። ተልባ ይሻላል?

መልስ፦ ተልባውን ተዉት፤ ውሃ እንደ ልብ ለማይጠጣ ሰው ጭራሽ ሊያብስበት ይችላል። ሞርፊን የሚያመጣው እንቅልፍ በቀናት ውስጥ ይቀንሳል፤ ድርቀቱ ግን አይለቅም። ለዚህ ነው እንደ ቢሳኮዲል ያለ ሆድ የሚያስኬድ መድኃኒት ከመጀመሪያው ቀን አብሮ የሚታዘዘው። ያዘዘውን ሐኪም ዛሬውኑ ጠይቁት። ሆዱ ከተነፋ፣ ካስመለሰው ወይም ፈስ እንኳ እምቢ ካለው ግን ለማንም አትደውሉ። ሆስፒታል ውሰዱት፤ አሁኑኑ። ሆድ በካሜራ አይዳሰስም።

ጥያቄ፦ ዱባይ ያለው ወንድሜ ሞርፊን በሻንጣ ይላክልን?

መልስ፦ ኧረ በስመ አብ! ኤርፖርት ላይ ሊታሰር? እዚህም ቢሆን በልዩ ማዘዣ የሚወጣ መድኃኒት ነው፤ ወረቀቱን ይዞ መድኃኒት ቤት የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል። ወንድምዎ የታክሲውን ይላክ።