ጥያቄና መልስ፦ «እንግዴ ልጁ ስንት ነው?»

ዛሬ ማታ የምትመልስልን ጅማ ውስጥ ለዓመታት እርጉዞችን በአልትራሳውንድ ስታይ የኖረች አዋላጅ ናት። ርዕሱ በመንታ እርግዝና አንዱ ፅንስ ክፉኛ ሲታመም የሚደረገው ፅንስ መቀነስ ነው።

የአጅፕ ልጅ፦ ሲስተር፣ 18 ሳምንቴ ነው። የአንዱ ፅንስ የራስ ቅል አልተሠራም አሉኝ። ሌላው ደህና ነው። የታመመውን ብቻ በመርፌ ማቆም ይቻላል ሲባል ሰማሁ። ደህናውን አይነካውም?

ሲስተር፦ አይዞሽ የኔ እናት። እንግዴ ልጁ ስንት ነው?

የአጅፕ ልጅ፦ ወረቀቱ «መንታ» ብቻ ነው የሚለው።

ሲስተር፦ ይኸው! «መንታ» ብሎ መተው ገበያ ወጥቶ «ቡና አለኝ» እንደማለት ነው። ጀንፈል ነው? የታጠበ ነው? ሁለት እንግዴ ልጅ ካለ የየራሳቸው ደም ነው። በአልትራሳውንድ እያዩ ፖታሲየም ክሎራይድ የታመመው ልብ ውስጥ ይወጋል። ወደ ወንድሙ አያልፍም። አንድ ከሆነ ግን ደም ሥራቸው እዚያው ውስጥ ተገናኝቷል። መድኃኒቱ ይሻገራል። የአንዱ ልብ ሲቆም ደግሞ የደህናው ደም ወደ እሱ ይፈሳል። ደህናውም ሊሞት፣ ወይም አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ መርፌው ቀርቶ የታመመው እትብት በሙቀት ይዘጋል። ይህ የፅንስ ሕክምና ስፔሻሊስት ሥራ ነው። በሁለቱም መንገድ ሽርት ውሃው ቀድሞ ሊፈስ፣ እርግዝናው ሊወርድ ይችላል።

ቁጥሩ በደንብ የሚለየው ከ14 ሳምንት በፊት ነው። መንቶቹን የሚለያየው ሽፋን እንግዴ ልጁ ላይ ሲያርፍ እንደ ሽብልቅ ከሰፋ ሁለት፣ ቀጥ ብሎ ከቆመ አንድ። ቆይቶ ምልክቱ ይደበዝዛል። በጊዜ ታዩ! አስጽፉ!

አባ መንታ፦ ጾታቸው መቼ ይታወቃል?

ሲስተር፦ ለስም ማውጫ ከሆነ አልመልስም። ወንድና ሴት ከሆኑ ግን እንግዴ ልጁ ሁለት ነው ማለት ይቻላል።

ቡና ቁርስ፦ አማቴ መንታ ሙዝ በልተሽ ነው አሉኝ።

ሲስተር፦ ሙዙን ተዪው።

የኮቺዋ፦ ፈጣሪ የሰጠውን መርጦ መቀነስ ግን ኃጢአት አይደለም?

አባ መንታ፦ ሁለቱንም ማጣትስ? በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 ፅንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ካለው ማቋረጥን ይፈቅዳል።

የኮቺዋ፦ ሕግ የፈቀደው ሁሉ ይደረጋል እንዴ?

ሲስተር፦ እሱን ከሼኹ ወይም ከንስሐ አባታችሁ ጋር። እዚህች ልጅ ላይ ግን አትፍረዱ። ቀጥሉ።

20 ሳምንት፦ የአንዱ ውሃ በዝቷል፣ የሌላው አልቋል ማለት ይቻላል ተባልኩ። በሚቀጥለው ወር ተመለሺ አሉኝ።

ሲስተር፦ ወር አትጠብቂ! ነገ ጠዋት ስፔሻሊስት ጋ ሂጂ። አንድ እንግዴ ልጅ ከሆነ አንዱ ደሙን ለሌላው እየሰጠ ነው። ሰጪው ሽንቱ ይቀንሳል፣ ተቀባዩ ውሃ ይሞላዋል። እዚህ ላይ ቀድሞ የሚታሰበው መቀነስ አይደለም። የተገናኙትን ደም ሥሮች በሌዘር መዝጋት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ16 እስከ 26 ሳምንት ባለው ጊዜ። መቀነስ የሚመጣው ያ ካልሆነ ነው። አንድ እንግዴ ልጅ ያላችሁ ሁሉ ከ16 ሳምንት ጀምሮ በየ2 ሳምንቱ ታዩ።

አዲስ ገቢ፦ ሲስተርዬ፣ እኔም መንታ ነኝ፣ ምን ላድርግ?

ሲስተር፦ ከላይ አንብቢ።

አዲስ ገቢ፦ ረዘመብኝ እኮ።

ሲስተር፦ እንግዴ. ልጁ. ስንት. ነው?

የአጅፕ ልጅ፦ ሲስተር! የ11 ሳምንቱን ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ አገኘሁት። ጥግ ላይ በእስክሪብቶ «እንግዴ ልጅ 2» ይላል።

ሲስተር፦ እፎይ። ፎቶ አንሺና በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ዋናውን እንዳትጥይው።