ቀዩ ሲበራ የት ላይ እንቀንስ? ስለ ድምፅ ፕሮሰሰር ጥያቄና መልስ

ጅማ ውስጥ የሠርግና የአዳራሽ ድምፅ ስሠራ ዓመታት ተቆጥረዋል። ስለ ድምፅ ፕሮሰሰር፣ ማለትም ከሚክሰሩ የመጣውን ድምፅ አስተካክሎና ከፋፍሎ ወደ አምፕሊፋየሮቹ ስለሚልከው ማሽን፣ የሚያስቸግራችሁን ጠይቁኝ ብዬ የመጡልኝን ጥያቄዎች እነሆ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሚክሰሩ አረንጓዴ እያሳየ የፕሮሰሰሩ መግቢያ ቀይ ይበራል። የቱን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱንም እመን። እያንዳንዱ አመልካች የሚናገረው ስለተቀመጠበት ቦታ ብቻ ነው። በብዙ ሚክሰሮች ዜሮ ማለት +4 ዲቢዩ (የድምፅ ሲግናል ቮልቴጅ መለኪያ)፣ ወደ 1.23 ቮልት ነው፤ ከዚያ በላይ ገና ሰፊ ቦታ አለ። በዲጂታል መለኪያ ግን ዜሮ ጣሪያው ነው፤ ከእርሱ ያለፈው የድምፅ ሞገድ ጫፉ ይቆረጣል። ስለዚህ የፕሮሰሰሩን የመግቢያ ጌይን (የማጉያ መጠን) ቀንስ፤ ሙዚቃው በአማካይ −18 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) አካባቢ ይሂድ፣ ከፍተኛው ምት ከ−6 አይለፍ። ብዙ ልጆች መውጫውን ሲቀንሱ አያለሁ፤ ይህ ያሳዝነኛል። መግቢያው ላይ የተቆረጠ ድምፅ መውጫው ላይ አይጠገንም፤ እንደተሰነጠቀ ዝቅ ይላል እንጂ።

ጥያቄ፦ የሊሚተሩ (ድምፁ ከተወሰነ ልክ እንዳያልፍ የሚገታው) አመልካች ቢበራ ችግር አለው?

መልስ፦ ከበሮ ሲመታ ብልጭ ብሎ ከጠፋ ሥራውን እየሠራ ነው። ሳይጠፋ ከቆየ ግን ተጠንቀቁ። ጂሬን በነበረ አንድ ሠርግ ሰው "ጨምር" ባለኝ ቁጥር እየጨመርኩ አመልካቹ ሌሊቱን ሙሉ በራ። ሊሚተሩ ጫፉን ቢይዝም አማካዩ ጉልበት እያደገ የትዊተሩን (የቀጭን ድምፅ ስፒከሩን) ጥቅልል ሽቦ አጋለው፤ ሁለት ትዊተር ተቃጠለ። 3 ዴሲቤል መጨመር የአምፕሊፋየሩን ጉልበት እጥፍ ይጠይቃል፤ ጆሮ ግን እጥፍ ጮኸ የሚለው ወደ 10 ዴሲቤል ሲጨመር ነው። ሙሽሮቹ ልዩነቱን እንኳ አልሰሙትም ነበር።

ጥያቄ፦ የመውጫው አመልካች ይንቀሳቀሳል፣ ስፒከሩ ዝም ብሏል።

መልስ፦ መጀመሪያ የመውጫው መዝጊያ (ሚውት) ቁልፍ አለመጫኑን እይ፤ አንዳንድ ማሽን የሚለካው ከመዝጊያው በፊት ያለውን ነው። ከዚያ ኬብሉንና አምፕሊፋየሩን።

ጥያቄ፦ ስድስቱ መውጫዎች ወዴት እንደሚሄዱ አላውቅም።

መልስ፦ እህቴ፣ ሁሉንም ዝጊ፣ አምፕሊፋየሮቹን ዝቅ አድርጊ፣ ሙዚቃ በቀስታ ከፍተሽ መውጫዎቹን አንድ በአንድ ክፈቺ። ትዊተር ላይ ባስ ከሰማሽ ወዲያው ዝጊ። የለየሽውን በፕላስተር ላይ ጽፈሽ ለጥፊ።

ጥያቄ፦ ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የኋላ ስፒከሮች ዲሌይ (ድምፁ ከፊተኛው ጋር እኩል እንዲደርስ የሚዘገይበት ጊዜ) ይለወጣል?

መልስ፦ የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው የአየሩ ሙቀት ነው፤ ከፍታው በራሱ አይለውጠውም። በ20 ዲግሪ በሴኮንድ 343 ሜትር ይጓዛል፤ ከፊተኛው ስፒከር 30 ሜትር ለሚርቅ 87 ሚሊሴኮንድ አስገባ።

ጥያቄ፦ በዝናብ መብራት እየሄደ ሲመጣ ስፒከሩ "ዷ!" ይላል።

መልስ፦ አምፕሊፋየር መጨረሻ ይበራል፣ መጀመሪያ ይጠፋል። መብራት እንደሄደ ማንም ሰው ሌላ ነገር ሳይነካ የአምፕሊፋየሮቹን ማብሪያ ያጥፋ፤ ሲመለስ ፕሮሰሰሩ ተነሥቶ አመልካቾቹ እስኪረጋጉ ጠብቁ።