ስለ አዋቂዎች ሴፍጋርዲንግ ጠይቁኝ (እንግሊዝ)

ደሬ፦ ካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) ውስጥ የአዋቂዎች ሴፍጋርዲንግ ላይ፣ ማለትም እንክብካቤ የሚያስፈልጋቸውን አዋቂዎች ከጥቃትና ከቸልተኝነት መጠበቅ ላይ፣ ስለምሠራ የምችለውን እመልሳለሁ። የማወራው ስለ እንግሊዝ ነው፤ የስኮትላንድና የዌልስ ሕግ ሌላ ነው። ሰው አሁኑኑ አደጋ ላይ ከሆነ 999 ደውሉ እንጂ እዚህ አትጻፉ። የማንንም ስም አታውጡ።

ሄለን፦ የምሠራው ኬር ሆም (መንከባከቢያ ቤት) ነው። አንዲት እናት ክንዳቸው በልዞ አየሁ። ማኔጀሯ "እኛው እናጣራለን" አለችኝ። ይበቃል?

ደሬ፦ አይበቃም። ዛሬውኑ ጻፊው፦ ሰዓቱን፣ የትኛው ክንድ እንደሆነ፣ ስፋቱን፣ ቀለሙን፣ እሳቸው በራሳቸው አፍ ያሉትን። "የተመቱ ይመስለኛል" አትበይ። ማኔጀሯ ለካውንስሉ ካላሳወቀች አንቺው ደውዪ፣ የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም። ካውንስሉ በ2014 (እ.ኤ.አ.) የኬር አክት (የእንክብካቤ ሕግ) አንቀጽ 42 መሠረት ሦስት ነገር ያያል፦ ሰውየው እንክብካቤ ወይም ድጋፍ ያስፈልገዋል ወይ፣ ጥቃት ወይም ቸልተኝነት እየደረሰበት ነው ወይም ያሰጋዋል ወይ፣ በዚያው ችግሩ የተነሳ ራሱን መከላከል ያቅተዋል ወይ። ሦስቱም አሉ ብሎ የሚጠረጥርበት ምክንያት ካለው ማጣራት ግዴታው ነው። ሥራውን ለሌላ ሊሰጥ ይችላል፣ ኃላፊነቱ ግን እሱ ጋ ይቀራል። ወንጀል ካለበት ፖሊስ ይገባል።

ቢኒ፦ የሄለንን የሥራ ቪዛ ስፖንሰር ያደረገው እኮ ያው ኬር ሆሙ ነው! ብትደውል ቪዛዋስ?

ደሬ፦ የቪዛ ጥያቄ ለኢሚግሬሽን ጠበቃ።

ሰናይት፦ አባቴ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ቤቱ እስከ ደረጃው ድረስ በጋዜጣ ተሞልቷል፣ "እርዳታ አልፈልግም" ይላሉ። ካውንስሉ በግድ ሊወስዳቸው ይችላል?

ደሬ፦ እሰይ፣ የምወደው ጥያቄ መጣ። በ2005 (እ.ኤ.አ.) የሜንታል ካፓሲቲ አክት (የመወሰን ችሎታ ሕግ) አዋቂ ሰው መወሰን አይችልም እስኪባል ድረስ ይችላል ተብሎ ነው የሚወሰደው፣ ለእኔና ላንቺ ሞኝነት የመሰለን ውሳኔ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የሚታየውም ውሳኔ በውሳኔ ነው፦ ስለ ገንዘብ ያቃተው ሰው የት እንደሚኖር ግን በደንብ ሊወስን ይችላል። ነገሩን ይረዳሉ? በአእምሯቸው ይይዙታል? ያመዛዝኑታል? ውሳኔያቸውን ይገልጹታል? ይህን ሳያዩ "አርጅተዋል፣ አይችሉም" የሚል ሶሻል ወርከር ካጋጠመሽ በጽሑፍ ምክንያቱን ጠይቂው። እምቢ ስላሉ ደግሞ ፋይላቸው አይዘጋም፤ ራስን መጣልም (ራስንና ቤትን አለመንከባከብ) በሴፍጋርዲንግ ውስጥ ነው፣ እንዲህ ያለ ስጋት ካለ ካውንስሉ እምቢ ቢሉም ፍላጎታቸውን መገምገም አለበት። የእሳት አደጋ ሠራተኞችንም ጥሪ፣ ቤት መጥተው ያያሉ። ብዙ ጊዜ ለዩኒፎርም የሚከፈት በር ለእኛ አይከፈትም። ብቻ አንቺ አታስተርጉሚ! አስተርጓሚ ካውንስሉ ያምጣ። አባት በልጁ አፍ ሁሉን አይናገርም።

የኔነህ፦ ለፈረንጅ ገመናን አውጥቶ መስጠት ግን... በእኛ ዘንድ ልጅ ነው የሚጦረው።

ሄለን፦ ገመና እያልን ነው ስንቱ የሚበደለው! የእናቱን የባንክ ካርድ ይዞ የሚዝናና ልጅ አላየህም?

የኔነህ፦ ልጅ የእናቱን ካርድ ቢይዝ ምን አለበት?

ሄለን፦ ጦሪ ማለት ካርድ ያዥ ማለት ሆነ?

ደሬ፦ ተረጋጉ። ልጅ ስለሆንክ ብቻ በገንዘባቸው ላይ ሥልጣን የለህም። ላስቲንግ ፓወር ኦፍ አተርኒ (ዘላቂ የውክልና ሰነድ) ያስፈልጋል፣ ያውም መወሰን በሚችሉበት ጊዜ ራሳቸው ፈርመውት፣ በፐብሊክ ጋርዲያን ቢሮ የተመዘገበ። ያም ቢኖር ለእሳቸው ጥቅም ነው። ጥርጣሬ ካለ ለዚያው ቢሮ ይነገራል።

ማክ፦ ሴፍጋርዲንግ ቦርድ የሚባለውስ? ጉዳዬን ወደዚያ ልውሰድ?

ደሬ፦ አትውሰድ። ካውንስሉ፣ የኤንኤችኤሱ (የመንግሥት ጤና አገልግሎት) የአካባቢ ቦርድ አይሲቢና ፖሊስ የሚቀናጁበት ነው እንጂ የግለሰብ ጉዳይ አያይም። ሰው ሞቶ ጥቃት ወይም ቸልተኝነት ሲጠረጠርና መሥሪያ ቤቶቹ አብረው አልሠሩም የሚል ስጋት ሲኖር ግን ግምገማ ያስደርጋል።

ጂጂ፦ የማውቀው ሰው ችግር ላይ ነው፣ ምን ላድርግ?

ደሬ፦ ምን ችግር? የት? ስም ሳትጠቅሺ ጻፊ እንጂ!

ጂጂ፦ ለማን ነው የሚደወለው ማለቴ ነው።

ደሬ፦ ከላይ እኮ ተጽፏል። ሰውየው ላለበት አካባቢ ካውንስል፣ አንቺ ላለሽበት አይደለም። ማታና ቅዳሜና እሑድ የድንገተኛ ቡድን አላቸው። አደጋው አሁን ከሆነ 999።

ቢኒ፦ ጋሽ ደሬ፣ የቪዛውን ነገር ግን...

ደሬ፦ ጠበቃ!