ማንንም ሳላውቅ ሰልፍ እንዴት ልውጣ?

ጥያቄ፦ «16 ዓመቴ ነው፣ 11ኛ ክፍል ነኝ። የምጽፍልዎት ቨርጂኒያ ገጠር ውስጥ ካለች ትንሽ ከተማ ነው። ከአሌክሳንድሪያ ወደዚህ የመጣነው በአባቴ ሥራ ምክንያት ነው። ትምህርት ቤቶች ውስጥ የሚደርሰውን የጠመንጃ ጥቃት በመቃወም ሰልፍ መውጣት እፈልጋለሁ። ግን እዚህ እንደኔ የሚያስብ አንድም ሰው አላውቅም። አብዛኞቹ የክፍሌ ልጆች ከአባቶቻቸው ጋር አደን የሚወጡ ናቸው። አባቴ ደግሞ ‹ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ› ይለኛል። ያለን ግሪን ካርድ ነው፣ ዜግነት ገና አላገኘንም። ሰልፍ ብወጣ ኮሌጅ ለመግባትና ኋላ ሥራ ለማግኘት ይጎዳኛል? ደግሞስ ማንንም ሳላውቅ እንዴት ነው የምቀላቀለው?»

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ በመጀመሪያ ከኮሌጁ ጭንቀት ልገላግልሽ። ሰላማዊ ሰልፍ መውጣት ብቻውን የኮሌጅ በር አይዘጋም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2018 ፍሎሪዳ፣ ፓርክላንድ በሚገኝ ትምህርት ቤት 17 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ ተማሪዎች በመላ አገሪቱ ከክፍል እየወጡ ተቃውሟቸውን አሰሙ። «የወጣ ይታገዳል» ብለው ያስፈራሩ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ያኔ ኤምአይቲን፣ ዬልንና ብራውንን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች በሰላማዊ ተቃውሞ ምክንያት መቀጣት ቅበላ ላይ ችግር እንደማይፈጥር በይፋ ተናገሩ። ብዙ ኮሌጆች የሚቀበሉት ኮመን አፕ የተባለው ማመልከቻም ከ2021 ጀምሮ ስለ ትምህርት ቤት ቅጣት መጠየቅ ትቷል። አንዳንድ ኮሌጅ በራሱ ቅጽ ሊጠይቅሽ ይችላል። ከጠየቀሽ የሆነውን እንደሆነ ትጽፊያለሽ።

ሥራን በተመለከተ፣ ቀጣሪ ስምሽን ኢንተርኔት ላይ መፈለጉ አይቀርም። በእኔ ግምት ሰውን የሚጎዳው ሰልፍ ላይ መታየቱ ሳይሆን በንዴት የለጠፈው ስድብ ነው። ስለዚህ ተናደሽ ስትመለሺ የዚያን ቀን ማታ ምንም አትለጥፊ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልምጣ። ማንንም ሳታውቂ እንዴት ትቀላቀያለሽ? በሥራ ነው የምትቀላቀይው። ማንንም ሳታውቂ ሠርግ ቤት ብትሄጂና ጥግ ይዘሽ ብትቀመጪ፣ እንግዳ እንደሆንሽ ትመለሻለሽ። ተነስተሽ ትሪ ከያዝሽ ግን ትንሽ ቆይቶ ስምሽን የማይጠራ አይኖርም። ሰልፍም እንደዚያ ነው። ከሩቅ ስታይው ሕዝብ ብቻ ይመስላል። ጠጋ ብለሽ ስታይ ግን ውሃ የሚያድል አለ፣ ሰደርያ ለብሶ ሰልፈኛውን ከመኪና መንገድ የሚጠብቅ አለ፣ የአውቶቡስ ስም ዝርዝር የያዘ አለ፣ የድምፅ ማጉያ ባትሪ የሚቀይር አለ። እነዚህ ሰዎች ሁልጊዜ እጅ ያጥራቸዋል። «ምን ላግዝ?» ብሎ ለመጣ ልጅ «ማንን ታውቂያለሽ?» የሚል ጥያቄ አይቀርብለትም።

ስለዚህ ከሰልፉ ቀን አትጀምሪ። ሳምንታት ቀደም ብለሽ ጀምሪ። በጠመንጃ ጥቃት ጉዳይ ስቱደንትስ ዲማንድ አክሽን እና ማርች ፎር አወር ላይቭስ የሚባሉ የወጣቶች ድርጅቶች አሉ። በከተማሽ ቡድን ከሌላቸው በአቅራቢያሽ ላለው ጻፊ። ረጅም ደብዳቤ አያስፈልግም፦ «የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በትምህርት ቤቴ ለዚህ ጉዳይ የሚሠራ ቡድን የለም። በሳምንት ሁለት ሰዓት መስጠት እችላለሁ። አማርኛ አነባለሁ፣ እጽፋለሁም። ከቤት ሆኜ የምሠራው ነገር አለ?» በቃ። አማርኛሽን መጥቀስ እንዳትረሺ። በሰሜን ቨርጂኒያ ምን ያህል ሐበሻ እንዳለ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። በራሪ ወረቀቱን አስተካክሎ ወደ አማርኛ የሚመልስ፣ እናቶችን በስልክ የሚያነጋግር ልጅ ደግሞ በቀላሉ አይገኝም። እዚያ ገጠር ተቀምጠሽ ማንም ሊተካሽ የማይችልበት ሥራ ይህ ነው።

ለማመልከቻሽም የሚጠቅመው ይኸው ነው። ኮመን አፕ ላይ እስከ 10 ተግባር መዘርዘር ትችያለሽ፣ ለእያንዳንዱ መግለጫ የሚሰጥሽ ቦታ ግን 150 ፊደል ብቻ ነው። «ሰልፍ ላይ ተገኝቻለሁ» ብትይ ስለ ራስሽ ምንም አልተናገርሽም። «መረጃ ወደ አማርኛ ተርጉሜ ለቤተሰቦች አዳርሻለሁ» ብትይ ግን ምን መሥራት እንደምትችይ አንባቢው ያውቃል። ኮሚዩኒኬሽን ልታጠኚ ብታስቢ፣ ሕግ ብታስቢ፣ የሕዝብ ጤና ብታስቢ፣ መነሻሽ ይሆናል።

ብቻዬን ነኝ ያልሽው ነገር ከልቤ ገብቷል። በአንድ ክፍል ውስጥ አንድ ብቻ መሆን ከባድ ነው። ሆኖም እዚያው ቨርጂኒያ ገጠር ውስጥ ባርባራ ጆንስ የምትባል የ16 ዓመት ልጅ ነበረች። ፋርምቪል ከተማ በሚገኘው ሞተን በተባለ የጥቁሮች ትምህርት ቤት ነበር የምትማረው። ሕንፃው ሁሉንም ተማሪ ስለማይዝ ልጆቹ ሬንጅ በተቀባ ወረቀት በተሸፈኑ ጊዜያዊ ቤቶች ውስጥ ይማሩ ነበር። ባርባራ በመጀመሪያ የምታምናቸውን ጥቂት ልጆች ብቻ ሰብስባ ለወራት በምስጢር ተዘጋጀች። ኤፕሪል 23 ቀን 1951 ከ450 በላይ ተማሪዎች አድማ መቱ። ከዚያ የመጣው ክስ ብራውን በተባለው ታላቅ የፍርድ ቤት መዝገብ ከተጠቃለሉት አምስት ጉዳዮች አንዱ ሆነ። በ1954 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በትምህርት ቤት ዘርን መለያየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ወሰነ። ከአምስቱ ውስጥ በተማሪዎች አድማ የተጀመረው ይህ ብቻ ነው። ኋላ ቨርጂኒያ በአገሪቱ ምክር ቤት ሕንፃ ውስጥ የነበረውን፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ለባርነት የቆመውን የደቡብ ጦር የመራውን የጄኔራል ሮበርት ኢ. ሊ ሐውልት አንስታ በምትኩ የባርባራ እንዲቆም ወሰነች።

ታሪኩ ግን ሌላም ጎን አለው። ከአድማው በኋላ ቤተሰቦቿ ለደኅንነቷ ስለሰጉ አላባማ አጎቷ ዘንድ ላኳት። የወላጅ ስጋት እዚያም ነበረ። ኋላ ተምራ የትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆነች፣ በፊላደልፊያም ሠራች። ዕድሜዋን ሙሉ በመድረክ ላይ አልኖረችም። ይህን የምነግርሽ አንድ ጊዜ ሰልፍ መውጣት ሕይወትሽን በሙሉ ፖለቲከኛ እንደማያደርግሽ እንድታውቂ ነው።

ከድሮ ሰፈርሽ ከአሌክሳንድሪያም አንዷን ላንሳልሽ። ኢትዮጵያ የተወለደችው ኔኦሚ ዋድለር በ2018 የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች፣ ዕድሜዋም 11 ዓመት ነበር። ከአንድ ጓደኛዋ ጋር ሆነው ተማሪዎችን አስተባብረው ለ18 ደቂቃ ከክፍል ወጡ። 17ቱ ደቂቃ ለፓርክላንድ ሟቾች ነበር። አንዷን የጨመሩት አላባማ ውስጥ በትምህርት ቤቷ ለተገደለች ጥቁር ልጅ ነው። ማርች 24 ደግሞ ኔኦሚ ዋሽንግተን ላይ በመቶ ሺዎች ፊት ስማቸው ስለማይነሳ ጥቁር ሴት ልጆች ተናገረች። ሲጀምሩ ሁለት ልጆች ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ከክፍልሽ ሠላሳ ልጅ አትፈልጊ። አንድ ሰው ፈልጊ። ያ ሰው የታሪክ አስተማሪሽ ወይም የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሊሆን ይችላል።

የክፍልሽ ልጆች አዳኞች መሆናቸውን ስትጽፊ ጠላት አድርገሽ እንዳልቆጠርሻቸው ተስፋ አደርጋለሁ። በየዓመቱ በጁን የመጀመሪያው ዓርብ በጠመንጃ ጥቃት የሞቱ ሰዎች የሚታሰቡበት ቀን ነው፣ ሰዎችም ብርቱካናማ ልብስ ይለብሳሉ። የቀለሙ ምክንያት እንዲህ ነው። ሐዲያ ፔንደልተን የምትባል የ15 ዓመት ልጅ በጃንዋሪ 2013 ቺካጎ ውስጥ በጥይት ተገደለች። ጓደኞቿ ብርቱካናማን መረጡ። አዳኞች ጫካ ውስጥ አንዱ ሌላውን እንዳይመታ የሚለብሱት ቀለም ስለሆነ ነው። በኖቬምበር የአጋዘን አደን ሲጀመር ያንን ሰደርያ የሚለብሱት እነዚያው የክፍልሽ ልጆች ናቸው። ጠመንጃ እንዴት እንደሚቆለፍና ከሕፃናት እንዴት እንደሚጠበቅ ከአባቶቻቸው የተማሩ ይኖራሉ። በዚያ ቀን ብርቱካናማ ለብሰሽ ብትሄጂና አንዱ «ለምን ለበስሽ?» ብሎ ቢጠይቅሽ፣ ስለ ሐዲያ ንገሪውና እሱም ስለ ቤቱ ጠመንጃ አያያዝ እንዲነግርሽ ጠይቂው። እንደኔ የሚያስብ የለም ያልሽው ነገር ግማሹ እዚያ ላይ ሊፈታ ይችላል።

ትምህርት ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ዝምተኛ ተቃውሞ በሕግ የተጠበቀ ነው። በ1965 አይዋ ውስጥ ሜሪ ቤዝ ቲንከር የምትባል የ13 ዓመት ልጅና ሌሎች ተማሪዎች የቬትናምን ጦርነት ተቃውመው ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አሥረው ስለመጡ ታገዱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1969 ሰባት ለሁለት ፈረደላቸው። ትምህርት እስካልተበጠበጠ ድረስ ተማሪ ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው። ከክፍል መውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ያለ ፈቃድ ከቀረሽ ትምህርት ቤቱ እንደማንኛውም ቀሪ ሊቀጣሽ ይችላል። የወጣሽበትን ምክንያት ስላልወደደው ብቻ ግን ከሌላው ቀሪ የበለጠ ሊቀጣሽ አይችልም።

ደግነቱ ቨርጂኒያ ፈቃዱን ራሷ ሰጥታለች። በ2021 በወጣው ሕግ የሕዝብ ትምህርት ቤት የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ለሲቪክ ወይም ለፖለቲካ ዝግጅት በዓመት አንድ ቀን በፈቃድ መቅረት ይችላል። ትምህርት ቤቱ ቀድመሽ እንድታሳውቂና ማስረጃ እንድታመጪ ሊጠይቅ ይችላል። ይህን ቀን በዘፈቀደ አታባክኚው። የቨርጂኒያ ምክር ቤት በጃንዋሪ ሪችመንድ ላይ ስብሰባ ይጀምራል፣ ተማሪዎችም እየሄዱ ተወካዮቻቸውን ያነጋግራሉ። ለመጀመሪያ ጊዜሽ ግን የማርቲን ሉተር ኪንግን ቀን አትምረጪ። በጃንዋሪ 2020 በዚያ ቀን የጠመንጃ መብት ደጋፊዎች ከ20,000 በላይ ሆነው፣ ብዙዎቹም መሣሪያ ታጥቀው ወጥተው ነበር። በሰላም ተጠናቀቀ። ቢሆንም ለብቻዋ ለመጣች የ16 ዓመት ልጅ የሚመከር ቀን አይደለም።

አሁን ስለ አባትሽ። እባክሽ ተደብቀሽ አትውጪ። «ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ» የሚለው አባባል የፈሪ ሰው ንግግር አይደለም። የኢትዮጵያ ወላጅ ልጆች ሰልፍ ወጥተው ሲቀሩ አይቷል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1997ቱ ምርጫ ማግስት ብቻ ጉዳዩን የመረመረው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሰዎች መገደላቸውን መዝግቧል። አባትሽ በዚያ ጊዜ የት እንደነበሩ፣ ማንን እንዳጡ ጠይቂያቸው። መጀመሪያ አድምጪያቸው፣ ከዚያ ዕቅድሽን ንገሪያቸው፦ ከማን ጋር እንደምትሄጂ፣ በስንት ሰዓት እንደምትመለሺ፣ የአስተባባሪውን ስልክ። ከተቻለ ራሳቸው ይዘውሽ ይሂዱ። ዳር ቆመው ይጠብቁሽ፣ ምንም አይደል።

የግሪን ካርዱ ጉዳይ ግን ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ሐሳብን በሰላም መግለጽ ለዜጋ ብቻ የተሰጠ መብት አይደለም። ሆኖም ማርች 2025 ኒው ዮርክ ውስጥ ማሕሙድ ኻሊል የተባለ ግሪን ካርድ ያለው፣ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረ ሰው ከተቃውሞ እንቅስቃሴው ጋር በተያያዘ በኢሚግሬሽን ተይዞ ከሦስት ወር በላይ ታስሯል። ስለዚህ ከመውጣትሽ በፊት አባትሽ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ። መታሰር የሚያስከትል ነገር አጠገብ አትድረሺ። የዜግነት ማመልከቻው ክስ ባይመሠረትብሽ እንኳን ታስረሽ ታውቂ እንደሆነ ይጠይቃል። ፖሊስ «ተበተኑ» ካለ በመጀመሪያው ጥሪ ሂጂ። ፊትሽንም አትሸፍኚ፣ በቨርጂኒያ ማንነትን ለመደበቅ ጭንብል ማድረግ ከ16 ዓመት በላይ ላለ ሰው ወንጀል ነው።

ማንም የማይነግርሽ አንድ ነገር ልጨምር። ሰልፍ ላይ ወረቀት የተጣበቀበት ሰሌዳ ይዘው የሚዞሩ ፈገግተኛ ልጆች ታገኛለሽ። «ፈርሚልን» ይሉሻል። አንዳንዱ ወረቀት አቤቱታ ነው፣ አንዳንዱ ግን የመራጭነት ምዝገባ ነው። ቨርጂኒያ 16 ዓመት የሞላቸውን ልጆች ቀድማ ስለምትመዘግብ ዕድሜሽን ሰምተው አይተዉሽም። ዜጋ ሳትሆኚ ዜጋ ነኝ የሚል ቅጽ ላይ መፈረም ለኢሚግሬሽን ጉዳይሽ ከሰልፉ እጅግ የከፋ ነገር ነው። ኋላ «ሳላነብ ነው» ማለት ላያድንሽ ይችላል። «ገና ዜጋ አይደለሁም፣ አመሰግናለሁ» ብለሽ እለፊ። እዚያ የሚሰጥሽን ማንኛውንም ወረቀት ሳታነቢ አትፈርሚ፣ ለታናናሾችሽም ንገሪያቸው።

በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር ብቻ አድርጊ። ከአባትሽ ጋር ተነጋገሪ፣ ከዚያ ለድርጅቱ የምትልኪውን አጭር ኢሜይል ጻፊ። ከመላክሽ በፊት እንዳየው ከፈለግሽ ላኪልኝ። አስተካክዬ ቶሎ እመልስልሻለሁ።